ከዛፉ ሥር የመጣ አፈር፦ ፈንገስ፣ ኔማቶድና 96 ችግኞች

ከመጀመሬ በፊት

ባለፈው ዙር ያፈላኋቸው የፓይን ችግኞች ግማሾቹ በበቀሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንገታቸው ላይ ቀጥነው ተደፉብኝ፣ የተረፉት ደሞ ስድስት ወር ሙሉ ከጣት ርዝመት አላለፉም፣ ቅጠላቸውም ወደ ወይን ጠጅ ሄደ። ማዳበሪያ ጨመርኩ፣ ጥላ ቀየርኩ፣ ውሃ ቀነስኩ፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ አንዷን ነቅዬ ሥሯን በውሃ አጥቤ ሳየው ሥር አለ፣ ግን የፓይን ሥር ላይ መታየት የነበረበት ያ አጭር፣ ወፈር ያለ፣ ጫፉ እንደ ባላ ለሁለት የተከፈለ ነገር የለም። አንድም የለም። ያኔ ነው ችግሬ አፈሩ ውስጥ ካሉት ወይም ከጎደሉት ፍጥረታት እንደሆነ የገባኝ። ስለዚ በዚህኛው ዙር ነገሩን ለያይቼ ልሞክረውና ያየሁትን በየጊዜው እዚህ ልጻፈው አልኩ።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ነገር ልበል። ዛፍ ብቻውን አይበላም። አብዛኛው ዛፍ ሥሩ ላይ ማይኮራይዛ የሚባል የፈንገስ ሽርክና አለው፣ ዛፉ ስኳር ይሰጣል ፈንገሱ ፎስፈረስ ናይትሮጅንና ውሃ ያመጣል። የፈንገሱ ክር ውፍረቱ የሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ ስለሆነ ሥር ሊገባበት በማይችለው የአፈር ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1885 ያወጣለት ፍራንክ የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ ሰውዬው ትሩፍል የሚባለውን የመሬት ውስጥ እንጉዳይ እንዴት ማልማት እንደሚቻል አጥና ተብሎ ነው ዛፍ ሥር ሲቆፍር እዚህ የደረሰው። ፓይን ላይ ያለው ዓይነት የሥሩን ጫፍ ከውጭ እንደ ካልሲ ያለብሰዋል፣ ወደ ውስጥም በሴሎቹ መሀል ለመሀል ይሄዳል እንጂ ሴል አይበሳም። ግራር ላይ ያለው ሌላ ዓይነት ነው፣ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ከውጭ በዓይን ምንም አይታይም። አንዱ ለሌላው አይሰራም፣ የፓይኑን ፈንገስ ለግራር ብትሰጡት ምንም አይፈይድለትም።

ኔማቶድ ደሞ አብዛኛው ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ክብ ትል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ግምት ምድር ላይ ካሉት እንስሳት በቁጥር ከአምስቱ አራቱ ኔማቶዶች ናቸው። ኔማቶድ ሲባል ሁሉም ሰው ሥር በሊታ ነው ብሎ ያስባል፣ ግን ባክቴሪያ የሚበላ አለ፣ ፈንገስ የሚበላ አለ፣ ሌላ ኔማቶድ የሚበላ አለ። ሥር የሚወጋው አንዱ ወገን ብቻ ነው።

ቀን 1፣ አፈር ማሞቅ

ምድቦቹ አራት ናቸው፣ በያንዳንዱ 12 ፓይን 12 ግራር፣ ድምር 96 የችግኝ ፕላስቲክ። ከዛ ውጪ መሀል ላይ እየነቀልኩ ሥራቸውን የምመለከታቸው ትርፍ ፕላስቲኮችም አዘጋጅቻለሁ።

ሀ ማለት የድሮው የመደብ አፈር እንዳለ። ለ ማለት ያው አፈር በእንፋሎት የሞቀ። ሐ ማለት የሞቀው አፈር ላይ ከአሮጌ ፓይንና ከአሮጌ ግራር ሥር የመጣ ሕይወት ያለው አፈር አንድ አስረኛ የተጨመረበት። መ ማለት የሞቀው አፈር ላይ ፈንገሱ ብቻ፣ ትል የሌለበት። አንድ ነገር ረስቼ ነበር በኋላ ነው ያስተካከልኩት፣ ሐ ላይ የምጨምረው የጫካ አፈር ራሱ ምግብ ይዞ ይመጣል አይደል፣ ችግኙ ጥሩ ቢሆን በምግቡ ይሁን በፈንገሱ በምን አውቃለሁ? ስለዚ ለሌሎቹ ሶስት ምድቦችም ያንኑ የጫካ አፈር በእንፋሎት አሙቄ በዛው መጠን ጨመርኩላቸው።

አሟሟቁ ቀላል ነው ግን ትዕግስት ይፈልጋል። በርሜል፣ ታች ውሃ፣ ከውሃው በላይ የብረት ፍርግርግ፣ ፍርግርጉ ላይ በጆንያ የተደረገ እርጥብ አፈር፣ ክዳን፣ ከስር እሳት። አፈሩ እርጥብ መሆን አለበት፣ በደረቁ ሙቀቱ መሀል ድረስ አይዘልቅም። ቴርሞሜትሩን የጆንያው መሀል ድረስ ሰክቼ 70 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ 30 ደቂቃ አቆየሁት። ይሄ ኔማቶዶቹንና ችግኝ የሚደፉትን በሽታዎች ይገላል። ከዚህ በላይ ማቃጠል ትርፍ የለውም፣ አፈሩ አሞኒያና ማንጋኒዝ ይለቅና ሥሩን ይጎዳል፣ ደሞ ባዶ ቤት ሲሆን ቀድሞ የገባው ነው የሚወርሰው። ከሞቀ በኋላ ሁለት ሳምንት ተሸፍኖ እንዲያርፍ ተውኩት።

ቀን 15 እና 16፣ ዘር መዝራትና ስፖር መልቀም

ለምድብ መ ፓይኖች ፒሶሊተስ የሚባለውን ቡናማ ዱቄት የሞላው ድቡልቡል እንጉዳይ ከፓይን ሥር አገኘሁ። ዱቄቱ ስፖሩ ነው፣ የፈንገሱ ዘር በሉት፣ በእጅ ሲነካ እንደ ጭስ ይበናል። ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይደባለቅም፣ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ስጨምርበት ነው የተደባለቀልኝ። ይሄን ውሃ ለየፕላስቲኩ በማንኪያ።

የግራሩ ግን አደከመኝ። የግራሩ ፈንገስ እንጉዳይ አያወጣም፣ ስፖሩ አፈር ውስጥ ነው ያለው። አፈሩን በውሃ በጥብጦ በደቃቅ ወንፊት ማጥለል፣ ወንፊቱ ላይ የቀረውን በሳህን አድርጎ በማይክሮስኮፕ ስር እያዩ አንድ በአንድ መልቀም ነው። ዝም ብዬ ወንፊቱ ላይ ያለውን ብገለብጥ ኔማቶዶቹም አብረው ይገባሉ፣ የሥራው ነገር ሁሉ ይበላሻል። ወርቃማና ቡናማ ኳሶች ናቸው፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው እንደ ዶቃ ያበራሉ። ለአንድ ችግኝ 30 ገደማ፣ ለ12ቱ 360፣ በቀጭን ፒፔት። ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀብኝ፣ አንገቴ ደረቀ፣ ግን እያንዳንዷ ኳስ ውስጥ አንድ ዛፍ ሊያሳድግ የሚችል ነገር አለ ብዬ ሳስብ ደስ ይለኝ ነበር።

የግራሩን ዘር የፈላ ውሃ አፍስሼበት እዛው ውስጥ አሳደርኩት፣ ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ያለዚያ ወራት ሊቆይ ይችላል። ፓይኑን እንዲሁ ዘራሁት።

ሳምንት 3 ከተዘራ በኋላ፣ መደፋት

ጀመረ። ዛሬ ጠዋት ሀ ውስጥ ሁለት ፓይን ተኝተው አገኘሁ። ትናንት ማታ ቀጥ ብለው ነበር፣ ላያቸው ላይ ምንም የለም፣ ቅጠላቸው አረንጓዴ ነው፣ ግን አፈሩን የሚነካው ቦታ ላይ ግንዱ በጣት ተጨምቆ የተለቀቀ ይመስል ቀጥኖ ውሃ ቋጥሯል። ሳነሳት ሥሯ እዛው ቀረ።

ይሄ የችግኝ መደፋት የሚባለው ነው፣ አንድ በሽታ አይደለም፣ ፒቲየም፣ ራይዞክቶኒያ፣ ፉዛሪየም ሁሉም ያመጡታል። ፒቲየም እንደውም ትክክለኛ ፈንገስ አይደለም፣ ለአልጌ የሚቀርብ ሌላ ዘር ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ስፖር አለው፣ ለዛ ነው አፈር ሲጨቀይ የሚበረታው። ችግኙ ግንዱ እንጨት እስኪሆን ድረስ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው አደገኛዎቹ።

በሳምንቱ መጨረሻ ፓይን ላይ ሀ 5 ተደፋ፣ ሐ 3፣ ለ 1፣ መ ዜሮ። ግራር ላይ ከሀ 2 ብቻ።

ሐ ላይ 3 መደፋቱ አስደንግጦኛል፣ ምክንያቱም ጫካ አፈር ሲባል ንጹህና መድኃኒት ነገር አድርጌ ነበር የማስበው። ግን ልክ ነው፣ እናት ዛፍ ሥር ያለ አፈር ለዓመታት የዛን ዛፍ ሥር ሲበሉ የኖሩትንም ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ጥቁር ቼሪ በሚባለው ዛፍ ላይ ይሄንኑ አሳይቷል፣ ከእናቱ አጠገብ ካለ አፈር ላይ የተዘራ ችግኝ ይሞታል፣ ራቅ ካለ ቦታ በመጣው ላይ ይተርፋል፣ የቅርቡ አፈር ከበሽታ ሲጸዳ ደሞ እዛው ላይም ይተርፋል፣ ገዳዩም ፒቲየም ነበር። ጫካ ውስጥ የአንድ ዛፍ ልጆች እግሩ ስር ተደራርበው የማይገኙበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ስለዚ እኔ ያመጣሁት አፈር ሐኪሙንም በሽታውንም በአንድ ጆንያ ነው።

ለ ውስጥ የተደፋችው ግን የኔ ጥፋት ናት። ከሀ ጋር ጎን ለጎን ነበረች፣ ውሃ ከላይ ስለማጠጣ ጭቃው ይፈናጠራል። ምድቦቹን በአንድ ክንድ አራራቅኳቸው፣ ማጠጫውን ቀዳዳው ደቃቅ በሆነ ቀየርኩ፣ ማታ ማጠጣት ተውኩ ጠዋት ብቻ፣ ላዩ ላይ ደሞ ስስ አሸዋ አለበስኩት አንገቱ አካባቢ ቶሎ እንዲደርቅ። ከዛ በኋላ የተደፋ የለም።

ሳምንት 7፣ ትሎቹን ማውጣት

ባየርማን የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጣው ዘዴ እስካሁን ያገለግላል። ዘይት ወደ ጠባብ ጠርሙስ የምንገለብጥበት ፈነል፣ ጫፉ ላይ የላስቲክ ቱቦ፣ ቱቦው በመቆንጠጫ ይዘጋል፣ ፈነሉ ውሃ ይሞላል፣ ላዩ ላይ በወንፊትና በሶፍት የተያዘ አፈር ውሃውን እየነካ ይቀመጣል። ኔማቶዱ እየተንቀሳቀሰ በሶፍቱ ሾልኮ ይወጣል፣ መዋኘት ስለማይችል ይሰምጣል፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ይጠራቀማል። ከአንድ ቀን በኋላ መቆንጠጫውን ለቀቅ አድርጎ ጥቂት ጠብታ መቀበል ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ጠብታ ማይክሮስኮፕ ስር ሳስገባ ለደቂቃዎች ምንም መጻፍ አልቻልኩም። በአንድ ጠብታ ውስጥ ያ ሁሉ ይተራመሳል። እንደ እባብ ነው የሚሄዱት ግን በጎናቸው ተኝተው። የሚለዩት በአፋቸው ነው። ባክቴሪያ በሊታው አፉ ባዶ ቱቦ ነው፣ ሥርና ፈንገስ የሚበሉት አፋቸው ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ የምትመላለስ መርፌ አለቻቸው። ሌላውን ኔማቶድ የሚያድነው ሰፊ አፍና ጥርስ አለው።

ከ100 ግራም አፈር የቆጠርኩት፦ ሀ 140 ገደማ፣ ሐ 90 ገደማ፣ ለ 3፣ መ 5። ሀ እና ሐ ውስጥ ካሉት ከግማሽ በላይ መርፌ የሌላቸው ባክቴሪያ በሊታዎች ናቸው፣ እነሱ ችግኙን አይነኩትም፣ እንደውም ባክቴሪያውን በልተው የተረፋቸውን ናይትሮጅን ሲያስወጡት ሥሩ ያገኘዋል። ስለዚ ብዙ ኔማቶድ አየሁ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፣ የትኛው ነው ማለት ነው። ሀ ውስጥ ግን መርፌያቸው ጠንካራ፣ ጭንቅላታቸው ጠፍጣፋ፣ ሰውነታቸው አጭርና ወፍራም የሆኑ አየሁ፣ እነዚህ ሥር ውስጥ ገብተው እየበሉ የሚያቆስሉት ፕራቲሌንከስ የሚባሉት ናቸው። የሚያቆስሉት ቦታ ደሞ ለፉዛሪየምና ለመሰሎቹ በር ይከፍታል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳቱ ከብቻ ብቻቸው ይከፋል።

ሳምንት 10፣ ቀለሙ ተለየ

የምድብ ለ ፓይኖች እስከ ሳምንት 6 ድረስ ከሁሉም የሚያምሩ ነበሩ። አሁን ቆሙ። የታችኛው ቅጠል ጫፍ ወይን ጠጅ ሆነ፣ ያው ባለፈው ዙር ያየሁት ቀለም፣ የፎስፈረስ ረሃብ ነው። አፈሩ ፎስፈረስ የለውም ማለት አይደለም፣ ያው አንድ ዓይነት አፈር መ ውስጥ አለ መ ደሞ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ልዩነቱ የሚያመጣለት አለማግኘቱ ነው። ፍራንክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1894 ፓይን በሞቀና ባልሞቀ የጫካ አፈር ላይ አብቅሎ ይሄንኑ ነው ያየው። ፓይን ባልነበረበት አገር ሲተከል በብዙ ቦታ ቢጫ ሆኖ ቆሞ የቀረውም ለዚህ ነበር፣ ከድሮ የፓይን ተክል ሥር አፈር አምጥተው ሲጨምሩለት ተነሳ።

ከመ ትርፍ አንዷን ነቀልኩ። አለ! ሥሩ ላይ ለሁለት የተከፈሉ አጫጭር ጫፎች፣ ወርቃማ ቡናማ ካልሲ ለብሰው፣ ከነሱም ደቃቅ ክር ወደ አፈሩ ሲሄድ ያለ ማይክሮስኮፕ ይታያል። አፈሩን ሳራግፍ እንኳ አልለቅ አለ፣ ክሩ ጠርንፎ ይዞታል። ከምድብ ለ የነቀልኳት ራቁቷን ናት።

ግራር ላይ ግን ሌላ ስህተት አገኘሁ። ለ እና መ ግራሮች ሁለቱም ገርጥተዋል። መ ፈንገሱ ተሰጥቶት ለምን? ሥሩን ሳየው ኖዱል፣ ማለትም ናይትሮጅን የሚይዘው ባክቴሪያ የሚኖርበት የሥር ላይ እብጠት፣ የለውም። አፈሩን ሳሞቅ ለግራር ከአየር ናይትሮጅን የሚይዝለትን ባክቴሪያም አብሬ ገድያለሁ፣ ሐ ግን ከጫካው አፈር ጋር አግኝቶታል። ይሄ ሙከራውን ያዛባብኛል። ስለዚ ከትልቅ ግራር ሥር ጤናማ ኖዱል ሰብስቤ፣ ላዩን ለደቂቃ ቀጠን ባለ በረኪና አጥቤ፣ በንጹህ ውሃ ደጋግሜ አለቅልቄ ጨፍልቄ ለአራቱም ምድብ እኩል አጠጣሁ። ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ፣ ለግራር የማወዳድረው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

ሳምንት 13፣ ዕጢ ወይስ ኖዱል

ሀ ግራር ውስጥ ሁለት ችግኝ እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋሉ፣ አፈራቸው ርጥብ ሆኖ። ከትርፎቹ ተመሳሳይ ምልክት ያላትን ነቅዬ ሳያት ሥሯ ላይ እብጠቶች አሉ። መጀመሪያ ኖዱሉ ያዘ ብዬ ተደሰትኩ፣ ከዛ በጥፍሬ ነካ ነካ ሳደርገው አልወጣም። ኖዱል በጎን የተለጠፈ ነገር ነው በቀላሉ ይነቀላል፣ የሚሰራ ከሆነም ሲቆረጥ ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ነው። ይሄኛው ሥሩ ራሱ ነው ያበጠው፣ ከሥሩ አይለይም። በምላጭ ሰንጥቄ በማይክሮስኮፕ ሳየው ውስጡ ነጭ ዕንቁ የመሰለች፣ ቅል ቅርጽ ያላት ሴት ኔማቶድ ቁጭ ብላለች። ሜሎይዶጋይን ናት፣ የሥር ዕጢ ኔማቶድ። ልጅ ሆና ገብታ አንዴ ቦታ ከያዘች አትንቀሳቀስም፣ አጠገቧ ያሉትን የሥር ሴሎች ግዙፍ አድርጋ እንዲመግቧት ታደርጋለች፣ ሙቀት ከተመቻት በአንድ ወር ገደማ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል በሙጫ ከረጢት ውስጥ ትጥላለች።

እዚህ ጋ ለሚያፈላ ሰው በጣም የምለው ነገር አለ፣ እንዲህ ያለ ችግኝ ወደ ተከላ ቦታ አይሂድ። ችግኙ ሊተርፍ ይችል ይሆናል፣ ግን በፕላስቲኩ ይዘነው የምንሄደው ትሉንም ነው፣ መሬት ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣት አይቻልም። እኔ ዕጢ ያየሁባቸውን ከነአፈራቸው መልሼ በርሜል ውስጥ አሞቅኳቸው።

ሳምንት 15፣ ፈንገስ በሊታውና ፈንገሱ የሚበላው

ሐ ውስጥ ከ9ኙ ፓይን ሁለቱ ከወንድሞቻቸው ወደኋላ ቀርተዋል። የነሱን አፈር በፈነል አውጥቼ ሳየው መሀል ጉሮሮው ላይ ትልቅ ክብ ጡንቻ ያለው፣ መርፌው ቀጭን የሆነ ኔማቶድ በዝቷል፣ አፈሌንከስ ነው የሚመስለው፣ ፈንገስ በሊታ። አንዱን ከፓይኑ ሥር ከተላጠ ክር ጋር ስላይድ ላይ አድርጌ ጠበቅኩት። ከንፈሩን ክሩ ላይ ለጠፈ፣ መርፌዋ ቶሎ ቶሎ መታ መታ አደረገች፣ ከዛ ያ ጡንቻ መምታት ጀመረ፣ ልክ እንደ ልብ። ክሩ ውስጥ ያለው ሲቀንስ ይታያል። ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሄደ።

እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ አንድ ሙከራ አፈሌንከስ አቬኔ የሚባለው የቀይ ፓይን ችግኝ ላይ ማይኮራይዛ እንዳይፈጠር እንደሚያፍን አሳይቷል። ማለትም ሥሩን ሳይነካ ችግኙን ያስርበዋል። የኔ ሁለት ፕላስቲክ ግን ማስረጃ አይባልም፣ ቀድሞ ደክመው ይሆናል፣ ስለዚ እንደ ጥርጣሬ ነው የያዝኩት።

ሌላው ወገንም አለ። ከሐ አፈር ቆንጥሬ ምግብ ያልተጨመረበት አጋር (እንደ ጄሊ የረጋ ማብቀያ) ላይ በትኜ ኔማቶድ ጠብ አድርጌበት ነበር። በስድስተኛው ቀን የሆነ ፈንገስ እንደ ሹራብ ዓይን የተቆላለፉ ትናንሽ ቀለበቶች ሰርቷል። አርትሮቦትሪስ ነው። አንድ ትል ጭራው ቀለበቱን ነካ አደረገና ተያዘ፣ ተንፈራገጠ፣ እየተንፈራገጠ አንገቱም ሌላው ላይ ተጣበቀ። ማታ ስመለስ ቆሟል፣ በማግስቱ ውስጡ በክር ተሞልቷል ቆዳው ብቻ ነው የቀረው። ይሄን ሁሉ አንድ ቁንጣሪ አፈር ውስጥ ነው ያየሁት፣ በርሜሉ ውስጥ 70 ዲግሪ ላይ ሳስገባው የነበረውም ይሄንኑ ነው። ያኔ የማስበው በሽታውን ብቻ ነበር።

ሳምንት 18፣ መንቀልና ማቅለም

ፓይን አማካይ ቁመት፦ ሀ 7 ሳንቲ፣ ለ 6፣ ሐ 11፣ መ 10። በሕይወት ያሉት ከ12፦ ሀ 7፣ ለ 11፣ ሐ 9፣ መ 12። ግራር ቁመት፦ ሀ 16፣ ለ 14፣ ሐ 21፣ መ 22።

የግራሩ ፈንገስ በዓይን ስለማይታይ ሥሩን ማቅለም ነበረብኝ። ደቃቁን ሥር በ10 ፐርሰንት ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ አሙቆ ማንጣት (ጓንትና መነጽር የግድ ነው፣ ያቃጥላል)፣ ማጠብ፣ ከዛ 5 ፐርሰንት የብዕር ቀለም በአቼቶ ውስጥ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ማፍላት። ይሄ የቀለምና አቼቶ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ነው፣ መርዛማ ማቅለሚያ መግዛት አያስፈልግም። መ ሥር ውስጥ ሰማያዊ ክር በሴሎቹ መሀል ሲሮጥ፣ እዚህም እዛም ሴል ውስጥ ቅርንጫፉን ሲዘረጋ ታየኝ። ከዛ 30 ስፖር የወጣ ነው። ለ ውስጥ ምንም የለም።

የሚገርመኝ ሐ ነው። ብዙ ሞተበት፣ የተረፈው ግን ፓይኑ ከሁሉም ረዘመ፣ ሥሩ ላይም የቆጠርኩት ካልሲ አራት ዓይነት ነው፣ ነጭ፣ ቡናማ፣ ቢጫማ፣ አንዱ ጥቁር እንደ ከሰል። መ ላይ አንድ ዓይነት ብቻ። አንዱ ፈንገስ ለድርቅ ሌላው ለቅዝቃዜ ሊሻል ስለሚችል፣ ጫካ ሲተከል የቱ እንደሚጠቅመው ከፕላስቲክ ውስጥ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

ለሚቀጥለው ዙር የማደርገው ተወስኗል። መደቡ ላይ የሞቀ አፈርና የስፖር ውሃ፣ ግንዱ እንጨት እስኪይዝ ድረስ ምንም የጫካ አፈር የለም። በሳምንት 8 አካባቢ የመደፋቱ አደጋ ሲያልፍ ከጫካው አፈር አንድ ማንኪያ ለየፕላስቲኩ፣ አፈሩ ግን መጀመሪያ በፈነል ይታያል፣ ዕጢ የሚያወጣው ወይ ሥር የሚያቆስለው ካለበት አይገባም። ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያም በጣም እቀንሳለሁ፣ ሲበዛ ችግኙ ፈንገሱን አያስጠጋውም። በርሜሉ ነገ ይጣዳል።